መነገር ያለበት

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ትምህርት ቤት ይሆን ነበር። ዴን ሃግ፣ ላክ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። አባቴ ሰዒድ የቁም ሣጥኑን በር ነጭ ላስቲክ አልብሶ ሰሌዳ አድርጎታል። ሰሌዳው ፊት የሚቆሙት ጋሽ ወርቅአፈራሁ ናቸው፤ ደሴ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ እዚህ ግን በየማለዳው የቢሮ ወለል የሚወለውሉ ሰው። ተማሪዎቹ ሁለት ነበሩ፦ አባቴ፣ እና ታች ፎቅ የምትኖረው፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፈው እትዬ እናትነሽ። ሦስተኛዋ ተማሪ እኔ ነኝ። ማንም አልመዘገበኝም እንጂ በትምህርቱ ከሁሉም የምበልጠው እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

አባቴ ሮተርዳም ወደብ አጠገብ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። የቡድን መሪ ለመሆን የደኅንነት ፈተና ማለፍ ነበረበት፤ ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። የፈተናው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለበት ይመስለኝ ነበር። ይህ መደረግ አለበት፣ ያ መነሣት የለበትም፣ ይኸኛው ሊቆለፍ ይችላል።

«እንግሊዝ ጨዋ ነው» ይላሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ፣ ማርከሩን እንደ ጠመኔ በሁለት ጣታቸው ይዘው። «ዓይንህን እያየ ‹አንተ፣ የራስ ቁርህን አጥልቅ› አይልህም። ‹ሄልሜትስ መስት ቢ ዎርን› ይልሃል። የራስ ቁር መጠለቅ አለበት። ማን ያጥልቀው? አልተናገረም። አንተ ግን ታውቀዋለህ።»

«ባላውቀውስ፣ ጋሼ?»

«ካላወቅህማ ሣጥን ይወርድብህና ታውቀዋለህ።»

ከዚያ ሥርዓቱን ይደረድሩታል። መጀመሪያ አለቃው ይገባል፤ መስት ይሁን ሹድ፣ ካን ይሁን ሜይ። ቀጥሎ ቢ ትገባለች፤ ቢ ምንም ቢመጣ ልብስ አትቀይርም። በመጨረሻ ግሱ በሦስተኛ መልኩ ይከተላል። ቴል፣ ቶልድ፣ ቶልድ። እኔ ሁሉንም በደብተሬ እገለብጥና ደብተሬን እወስድላቸዋለሁ።

«አንተ፣ ይሄ ልክ ነው?»

«እርስዎ በይ!» ትለኛለች እናቴ ከሶፋው ላይ።

«ተያት፣ ጀውሃራ» ይላሉ እሳቸው። «‹አንተ› ባለችኝ ቁጥር ሃያ ዓመት ይቀንስልኛል።»

እናቴ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የአረጋውያን ቤት ሥራዋን አዋላጇ በደም ግፊቷ ምክንያት አስቁማታለች። ደችኛ አሳምራ ትናገራለች፤ እንግሊዝኛ ግን አንዲት ቃል አታውቅም፣ ማወቅም አልፈለገችም። «ይህ ሁሉ መስት መስት ምንድን ነው? ማንን ነው ቀኑን ሙሉ የምታስገድዱት?» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ2005 መጋቢት ነው። በዚያ ወር ቤታችን ውስጥ ከፈተናውም ከእርግዝናውም በላይ የሚወራው ስለ መህዲ ነበር። መህዲ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኮምቦልቻ ይኖራል። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሱ የአራት፣ እሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። አዝላ ነው ያሳደገችው። «ወንድምሽ ነው ልጅሽ?» ሲሏት «ሁለቱንም ነው» ትላለች። ከመውለዷ በፊት እንዲመጣላት አባቴ የጥሪ ወረቀቱን ከኸሜንተ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ አስፈርሞ ልኮለታል፤ የቀረው ቪዛው ብቻ ነበር። እኔ መህዲን በአካል አይቼው አላውቅም። በስልክ ግን «የእኔ ሆላንዴ» ይለኛል፤ ሲስቅ ያስነጥሰዋል።

አንድ ረቡዕ፣ ትምህርት ቤት በቀትር የሚለቀቅበት ቀን ነው፣ ቤት ስገባ አባቴ አለ። በሥራ ሰዓት። ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ቆሟል። ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ከነጽዳት ልብሳቸው መጡ፣ ከኋላቸው እትዬ እናትነሽ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ።

«ምነው በሥራ ቀን?» አለች እናቴ ሶፋው ላይ ተጋድማ።

«ፈተናው ቀረበ» አለ አባቴ።

«አንቺስ ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው፣ ጀውሃርዬ» አለች እትዬ እናትነሽ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። መጽሐፉን የከፈተው ሰው የለም። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ሰሌዳውም ጋ አልሄዱም። እጃቸውን አጣምረው ቁጭ እንዳሉ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ሺ መስት ኖት ቢ ቶልድ» አሉ። «ኖት ናው።»

እኔ ደብተሬን አወጣሁ። መስት ኖት፣ ቢ፣ ቶልድ። ሥርዓቱን የጠበቀ ነው። እንዳይነገራት። አሁን አይነገራትም። ማን እንደሆነች አልተባለም፤ ነገር ግን አባቴ ዓይኑን ወደ ሶፋው ወርወር ሲያደርግ አየሁት። እሱም በእንግሊዝኛ ሊመልስ ጀምሮ መሐል ላይ «መህዲ…» የሚል አመለጠው።

እናቴ ቀና አለች። «መህዲ ምን ሆነ?»

«ቪዛው ነው» አለ አባቴ። «ወረቀቱ እየታየ ነው አሉ።»

ከዚያ ተነሥቶ ከመሳቢያው የመህዲን ፋይል አወጣ። ለቪዛው የተነሣውን ጉርድ ፎቶ ብዙ ደቂቃ ተመለከተና ጃኬቱ ኪስ ውስጥ፣ በደረቱ በኩል ከተተው። ሁሉንም አየሁ፤ ሁሉም ገባኝ። በዚያው ሳምንት እኛ ክፍል ለመምህራችን የልደት ድግስ በድብቅ ስናዘጋጅ ነበር። ልጆቹ ይንሾካሾካሉ፣ መምህሯ ስትገባ ዝም ይባላል፣ «እንዳይነገራት» ይባላል። ይህንን በደችኛ ፈራሲንግ እንለዋለን፤ ሳይታሰብ የሚመጣ ደስታ ማለት ነው። እንግዲያው መህዲ ሊመጣ ነው።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ ስልስ ነበርኩ።

አሁን የማውቀውን ልናገር። በዚያን ቀን ጠዋት አባቴ ሮተርዳም መጋዘን ውስጥ ሳለ ከኮምቦልቻ ተደወለለት። መህዲ የተሳፈረበት መኪና ከደሴ ሲወርድ ተገልብጦ ነበር። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን በቆመ ሰው አፍም አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰው ከአልጋው ሳይርቅ ነው የሚረዳው። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ እስክትገላገል ሆድ ይፍጀው ይባላል። አባቴ እናቴን ከቤት ስልኩ ጋር ብቻዋን ትቶ መውጣት ፈራ፤ ስለዚህ ምክሩ እዚያው ፊቷ መመከር ነበረበት። አማርኛውን እሷ ታውቃለች፣ ደችኛውን እሷም እኔም እናውቃለን። የቀረችው የፈተናው እንግሊዝኛ ነበረች።

በማግስቱ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ስታጣጥፍ አጠገቧ ወጣሁ።

«እማ፣ ሚስጥር ብነግርሽ አፍሽን ትዘጊያለሽ?»

«ምን ሰበርሽ?»

«ምንም አልሰበርኩም። መህዲ ሊመጣ ነው።»

እጇ ላይ የነበረችው ትንሽ ካልሲ እንደተያዘች ቀረች። «ማን አለሽ?»

«ጋሽ ወርቅአፈራሁ። እንዳይነገራት አለ፣ በእንግሊዝኛ። አባዬም ፎቶውን ኪሱ ከተተ። እትዬ እናትነሽም ጉንፋን አልያዛትም፣ አልቅሳ ነው። በደስታ።»

የነገርኳት ነገር በሙሉ የሞት ምልክት ነበር። ለሌላ ሰው ቢሆን እናቴ ወዲያው ይገባት ነበር፤ እሷ ራሷ ስንቱን መርዶ በሆዷ ይዛ የከረመች ሴት ናት። ለራስ ሲሆን ግን ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ነው። ካልሲዋን አፏ ላይ ያዘችና ሳቀች፤ ከዚያ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አንገቴን እያገላበጠች ሳመችኝ።

«እንግዲያው እኛም አላወቅንም» አለችኝ። «አባትሽ ደክሞ ያዘጋጀውን እንዳናበላሽበት። እሺ? እኔና አንቺ ብቻ።»

አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሚስጥር ገባ። አባቴ ከእናቴ ይደብቃል፣ እናቴ ከአባቴ ትደብቃለች፣ እኔ መሐል ቆሜ ሁለቱንም አውቃለሁ ብዬ እኮራለሁ። እናቴ በየሳምንቱ ኮምቦልቻ መደወሏን ተወች። «በድምፁ ያውቅብኛል» ትላለች። አባቴ እንዳትደውል ሰበብ ሲፈልግ ከርሞ ነበርና ነገሩ እንዴት እንደተሳካለት ሳይጠይቅ ተነፈሰ። አባቴ ሥራ ሲሄድ ገበያ ወጣን። ወፍራም ሰማያዊ ጃኬት ገዛችለት፣ ሆላንድ በመጋቢትም ብርድ ነው ብላ። አርባ ሁለት ቁጥር ጫማ ገዛችለት። ሻጩ የሚለካው ሰው የታለ ሲላት «በመንገድ ላይ ነው» አለችው። ዕቃውን አልጋዬ ሥር ደበቅነው፤ አልጋዬ የእሱ ሊሆን፣ እኔ መሬት ፍራሽ ላይ ልተኛ ተስማምተናል። አዋላጇ መጥታ ለካቻት፤ የደም ግፊቷ ወርዷል። «ምን አግኝተሽ ነው?» አለቻት። ማታ አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር። ለአንድ ቀንም ቢሆን ሳይነገራት የምትቆይበት ምክንያት የተገኘ መስሎት እንደነበረ የነገረኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜም ትምህርቱ ቀጠለ፤ ትምህርት ከተባለ። ሮተርዳም ያሉ ያገራችን ሰዎች ወሬው ደርሷቸዋል፤ አንዱ እንዲያውም አላህ ያጽናችሁ ለማለት ቤት ደውሎ አባቴ ነው ያነሣው። ሌላ ሰው ሲደውል ማን እንደሚያነሣ አይታወቅም። እትዬ እናትነሽ ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች «ሺ ሹድ ቢ ቶልድ» አለች፤ ሊነገራት ይገባል። አባቴ «ኢት ካንት ቢ ደን» አለ፤ ሊደረግ አይችልም። ጋሽ ወርቅአፈራሁ «ኢት መስት ቢ ደን፣ ሰዒድ» አሉ፤ መደረግ አለበት። እኔ ደብተሬ ላይ ሦስቱንም ጻፍኩ። አንድ ስህተት አልነበረባቸውም፤ አባቴ ፈተናውን እንደዚያ ቢጽፍ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ስለ መነገሩ፣ ስለ መደረጉ ያልተናገረ አልነበረም። እኔ እነግራታለሁ ያለ ግን አንድ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ጋሽ ወርቅአፈራሁ «ሰንደይ» አሉ።

ሰንደይን ማን ያጣታል? ወጥ ቤት ሮጬ ሄድኩ። «እማ፣ ነገ ነው!»

እሑድ ከጎህ በፊት ቀሰቀሰችኝ። የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ሆዷ ላይ ጠቧት በመርፌ ቁልፍ አያይዛዋለች። ዓይኗን ተኩላለች። አልጋዬን አንጥፋ ጫማውን ከሥሩ አቁማለች፤ ጃኬቱ ክንዷ ላይ ነው፣ ገና ከደረጃው ላይ ልታለብሰው። አባቴ ሳሎኑ ውስጥ ልብሱን ለብሶ ተቀምጦ ስታየው «ዛሬ እንዴት በጠዋት ተነሣህ?» አለችውና ወደ እኔ ጠቀሰች። አባቴ አለባበሷን አይቶ አፉን ከፈተ።

ደረጃው ላይ ብዙ ኮቴ ተሰማ። ደወሉ ሳይደወል በሩን እሷ ከፈተችው።

«የት አለ?» አለች እየሳቀች። «ታች ደበቃችሁት?»

ደፉ ላይ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ቆመዋል፤ ከጎናቸው ከመስጊድ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፤ ከኋላ እትዬ እናትነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ። እኔ ታች ነው ብዬ በእግራቸው መካከል ሾልኬ ሦስቱን ፎቅ በሩጫ ወረድኩ። መንገድ ላይ አንድ ነጭ ቫን ቆሟል፤ ውስጡ ሴቶች፣ ድስቶችና የተደራረቡ ወንበሮች። ድግስ! ሴቶቹን እየገፋሁ ከወንበሮቹ ኋላ ፈለግሁት። «መህዲ የታለ?» ስላቸው አንዷ ጭንቅላቴን ደረቷ ውስጥ ቀበረችው። በዚያው ቅጽበት ከላይ፣ ከእኛ መስኮት፣ የእናቴ ጩኸት መጣ።

ስመለስ ጃኬቱን ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አንደኛው ሽማግሌ «ኢና ሊላሂ» እያሉ ይደግማሉ።

«መቼ?» አለች።

«ከሞተ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ።

«አሥራ አንድ ቀን! አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ልብስ ስገዛለት!»

«መነገር ነበረበት፣ ጀውሃራ። እውነትሽን ነው። ቀድሞ መነገር ነበረበት።»

«ማን ነበር የሚነግረኝ?» አለች እናቴ። አንድ በአንድ አየቻቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩት ሰው መሬት መሬት አዩ። አባቴ ተንበርክኮ እጇን ሊይዝ ሲል ነጠቀችው።

«የምን ልብስ ነው?» አላት ግራ ገብቶት። «ጀውሃራ፣ የምን ልብስ?»

«ይመጣል ተብሎ።»

«ማን ነው ይመጣል ያለሽ?»

እናቴ እኔን አየችኝ። «ተባለ» አለች። «በቃ፣ ተባለ።»

ለሌላው ሁሉ ያልራራው ያ ዓይኗ ለእኔ ሲራራ አየሁት፤ አልቻልኩም። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያልኳት።» ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ እናቴ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ታጠፈች። ከቀሚሷ ሥር ምንጣፉ ረጠበ።

ታናሽ ወንድሜ ኢማድ በዚያው ቀን ያለ ጊዜው ተወለደ። ጤናው ተስተካክሎ እስኪወጣ ሳምንታት በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተኛ። በእኔ ምክንያት እንዳይሞት ብዬ በየቀኑ ጣቶቹን እቆጥር ነበር፤ ምን እንደማገኝበት እንጃ። አባቴ ለፈተናው አልቀረበም። ጋሽ ወርቅአፈራሁም ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ፊት ቆመው አያውቁም።

በአራተኛው ቀን እናቴ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና አባቴን አስወጥታ ጠራችኝ። ድምፅዋ ከልቅሶው ብዛት ዘግቷል።

«ቅረቢ። አልመታሽም» አለችኝ። «ይህ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ዝም ሲለኝ ያናገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። የተሳሳተ ነገር ነው፤ ግን አናገርሽኝ። ከእንግዲህ ማንም ቢሞት አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ። ሽማግሌ አትጠብቂ፣ ንጋት አትጠብቂ። የሰማሽ ዕለት። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የማይጫን ሸክም ነው፤ አልፎ አልፎ አሁንም እናደድባታለሁ። የአክስቷን መርዶ የነገርኳት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፣ ከትምህርት ቤት በብስክሌት በርሬ። የጋሽ ወርቅአፈራሁን በሃያ አንድ ዓመቴ።

በ2023 አባቴ ሮተርዳም ሆስፒታል ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ፣ እጄን እንደያዘ ሞተ። ልቡ ነው። ኮሪደሩ ላይ ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ። እትዬ እናትነሽ፣ ዛሬ አሮጊት ናት፣ ትከሻዬን ያዘችኝ። «እናትሽ ስኳር አለባት። ነገ በማለዳ ተሰብስበን ይነገራታል። ዛሬ ተኝቷል በያት።»

«ማን ነው የሚነግራት?» አልኳት። መልስ ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ዴን ሃግ ደርሼ፣ ደረጃውን ወጥቼ የበሩን ደወል ደወልኩ። እናቴ በሩን ስትከፍት ፊቴን አይታ የበሩን ጠርዝ ያዘች።

«እማ፣ አባዬ ሞተ» አልኳት። «እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

«መቼ?»

«አሁን። ሁለት ሰዓት አልሞላውም።»

አልጮኸችም።

«ሰውነቱ አልቀዘቀዘም?»

«ስወጣ አልቀዘቀዘም ነበር።»

«እንግዲያው ሳይቀዘቅዝ እደርስበታለሁ» አለችና በሩን ሳትዘጋ፣ እጄን ይዛ፣ ከፊቴ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።